ዕድሜ ጠገብ ለሆኑ የመስክ ተሽከርካሪዎች የኩላንትና የካምቢዮ ዘይት አመራረጥ

ይህ ጽሑፍ ረጅም ዘመን ያገለገሉ የመስክ ተሽከርካሪዎች ላሏቸው ባለንብረቶች፣ ለመሥሪያ ቤት የስምሪት ኃላፊዎች፣ ለአሽከርካሪዎችና ለጥገና ባለሙያዎች መረጃ ለመስጠት የተዘጋጀ ነው። በወረዳ አምቡላንስነት፣ በክትባት ማጓጓዣነትና በግብርና ባለሙያ መመላለሻነት ከሚሠሩት ላንድክሩዘሮችና ላንድሮቨሮች መካከል ከተሠሩ ሃያና ሠላሳ ዓመት ያለፋቸው ጥቂት አይደሉም። በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር ውስጥ እንዳይገቡ ከተወሰነ ወዲህ ደግሞ በእጅ ያለውን ተሽከርካሪ ጠብቆ ማቆየት ከቀድሞው ይልቅ አስፈላጊ ሆኗል። እንዲህ ያለው ተሽከርካሪ የሚቆመው ብዙውን ጊዜ ከጋራዥ በራቀ ስፍራ ነው፤ በውስጡም ምጥ የያዛት እናት ልትኖር ትችላለች።

ራዲያተርን፣ ካምቢዮንና ዲፈረንሻልን ያለ ጊዜያቸው ከሚያበላሹት ምክንያቶች አንዱ የተሳሳተ ፈሳሽ መጨመር ነው። ስሕተቱ ወዲያው አይታይም። የማይስማማ ኩላንት የተሞላበት ሞተር ለወራት፣ የማይስማማ ዘይት የተጨመረበት ካምቢዮ ደግሞ ለዓመት ያህል ያለ ችግር ሊሠራ ስለሚችል፣ ጉዳቱ በሚገለጥበት ጊዜ መንስኤው የተዘነጋ ይሆናል። በመሆኑም የፈሳሹ ቀለም፣ በእጅ ሲነካ የሚሰማው ውፍረት ወይም ዋጋው የመምረጫ መስፈርት ሊሆን አይገባም። መስፈርቱ አምራቹ ለዚያ ሞተርና ለዚያ ካምቢዮ የወሰነው ደረጃ፣ ቀጥሎም ተሽከርካሪው ዛሬ የሚገኝበት ሁኔታ ነው።

ተሽከርካሪውን ለይቶ ማወቅ

በውጭ ቅርጻቸው አንድ የሚመስሉ ሁለት መኪኖች በውስጣቸው የተለያየ ካምቢዮ ሊኖራቸው ይችላል። የቶዮታ ተሽከርካሪዎች በሞተር ክፍሉ ግድግዳ ላይ በተለጠፈው ሰሌዳ የሞዴሉን መለያ፣ የሞተሩን ዓይነት፣ እንዲሁም የካምቢዮውንና የዲፈረንሻሉን መለያ ኮድ ይይዛሉ። በሊብሬው ላይ የተመዘገበው የሞተርና የሻሲ ቁጥር ከሰሌዳው ጋር መመሳከር አለበት። ባለፉት ዓመታት ሞተሩ ወይም ካምቢዮው ተቀይሮ ከሆነ ደግሞ የሚመረጠው ፈሳሽ አሁን ለተገጠመው ክፍል የሚስማማው እንጂ መኪናው ሲሠራ ለነበረው አይደለም።

በጨረታ የተገዛ ወይም የጥገና መዝገብ የሌለው ተሽከርካሪ ሲያጋጥም በውስጡ ያለው ፈሳሽ ሁሉ ዓይነቱ እንዳልታወቀ ተቆጥሮ መቀየር ይኖርበታል። በማይታወቅ ፈሳሽ ላይ ጥሩ ፈሳሽ መጨመር ጥሩውንም ያበላሻል። ሻጩ «ዘይቱ በቅርቡ ተቀይሯል» ቢል እንኳ በምን ዓይነት ዘይት እንደተቀየረ አብሮ ካልተናገረ ቃሉ ብዙ አይጠቅምም።

ውሃ ብቻ ለምን አይበቃም

«በረዶ በሌለበት አገር ኩላንት ምን ያደርጋል?» የሚለው አስተያየት በአሽከርካሪዎች ዘንድ የተለመደ ነው። ፈሳሹ እንዳይረጋ መከላከል ከኩላንት ሥራዎች አንዱ ብቻ ነው፤ ለእኛም ዋነኛው አይደለም። ዋነኞቹ ሁለቱ የመፍያውን ሙቀት ከፍ ማድረግና የሞተሩን የውስጥ ብረት ከዝገት መጠበቅ ናቸው።

የመፍያው ጉዳይ በደጋማ አገር ልዩ ትርጉም አለው። በባሕር ጠለል ላይ በ100 ዲግሪ ሴንቲግሬድ የሚፈላው ውሃ በአዲስ አበባ ከፍታ በ92 ዲግሪ ገደማ፣ ከ4,000 ሜትር በላይ በሆነው የባሌ ሳነቴ አምባ ላይ ደግሞ በ87 ዲግሪ ገደማ ይፈላል። በጤናማ ሁኔታ ላይ ያለ የናፍጣ ሞተር የሚሠራበት ሙቀት ከ80 እስከ 95 ዲግሪ ነው። ስለዚህ ክዳኑ ግፊት የማይዝ፣ ውሃ ብቻ የተሞላበት ራዲያተር አዲስ አበባ ውስጥ ሞተሩ ምንም ሳይታመም ሊፈላ ይችላል። ክዳኑ ላይ የተጻፈው 0.9 ወይም 1.1 የመሰለ ቁጥር ክዳኑ የሚይዘውን ግፊት የሚያመለክት ሲሆን፣ በደህና ክዳን የሚገኘው ግፊት የመፍያውን ሙቀት ከ20 ዲግሪ በላይ ከፍ ያደርገዋል። ኩላንት በግማሽ ሲቀላቀል በዚያ ላይ ጥቂት ዲግሪዎችን ይጨምራል። ውድ ኩላንት ገዝቶ ጎማው የደረቀና ስፕሪንጉ የላላ ክዳን መልሶ መግጠም ግን ገንዘብ ማባከን ነው፤ የክዳኑ ዋጋ ከኩላንቱ ጋር ሲነጻጸር አነስተኛ ነው።

ዝገትን በተመለከተ፣ በዕድሜ ጠገብ ተሽከርካሪዎች የማቀዝቀዣ መስመር ውስጥ የሲሚንቶ ቀለም ያለው ብረት፣ አሉሚኒየም፣ መዳብ፣ ነሐስና የእርሳስ ብየዳ በአንድ ፈሳሽ ይገናኛሉ። እነዚህ ሁሉ በተራ ውሃ ውስጥ ሲቀመጡ አንዱ ሌላውን ይበላል። የውሃ ፓምፑን ማገጃ ጎማ የሚፍቀው፣ የራዲያተሩን ቀጫጭን ቱቦዎች የሚደፍነው ቀይ ጭቃም ከዚሁ የሚመነጭ ነው።

የኩላንት ዓይነቶች

ለመኪና የሚሸጡ ኩላንቶች አብዛኛዎቹ መሠረታቸው ኤቲሊን ግላይኮል የተባለ ኬሚካል ነው። ልዩነታቸው ብረትን ከዝገት ለመጠበቅ በሚጨመሩባቸው ቅመሞች ላይ ነው። የቀድሞዎቹ ሲሊኬትን የመሳሰሉ ማዕድናዊ ቅመሞችን የሚጠቀሙ ሲሆን በሁለት ዓመት ገደማ ኃይላቸው ያልቃል። ሁለተኞቹ በኦርጋኒክ አሲድ የተሠሩና ዕድሜያቸው የረዘመ ናቸው። ሦስተኞቹ ሁለቱን ያዳቀሉ ናቸው።

ቀለሙ የሚጨመረው ፈሳሹ እንዲታወቅና ፍሳሽም በቀላሉ እንዲታይ ነው። የትኛው ቀለም የትኛውን ዓይነት እንደሚያመለክት የሚወስን ዓለም አቀፍ ደንብ የለም። አንዱ አምራች በአረንጓዴ የሚያቀርበውን ሌላው በቀይ ያቀርበዋል። ስለዚህ «ቀይ ነው፣ ለቶዮታ ይሆናል» የሚለው አባባል በቂ ማስረጃ አይደለም፤ መነበብ ያለበት በጀርባው የተጻፈው ነው።

የጃፓን አምራቾች ሲሊኬት የውሃ ፓምፕ ማገጃዎችን ይጎዳል በሚል ኩላንታቸውን ያለ ሲሊኬት፣ በፎስፌት አዘጋጅተዋል። የአውሮፓ አምራቾች በአንጻሩ፣ በአካባቢያቸው ያለው ውሃ ኖራ የበዛበት በመሆኑና ፎስፌት ከኖራ ጋር ሲገናኝ ቅርፊት ስለሚሠራ፣ ፎስፌትን ሸሽተዋል። ሁለቱም በየራሳቸው ትክክል ናቸው፤ ተደባልቀው በአንድ ራዲያተር ውስጥ ሲገኙ ግን ቅመሞቹ እርስ በርስ ይዳከማሉ፤ አንዳንዴም እንደ አጥሚት የረጋ ዝቃጭ ይሠራሉ። ቶዮታ ለተሽከርካሪዎቹ የሚጠይቀው ሲሊኬት፣ አሚን፣ ናይትራይትና ቦሬት የሌለበት በኤቲሊን ግላይኮል የተሠራ ኩላንት ነው። ቀዩ የቶዮታ ኩላንት በባሕርዩ ያልተቀላቀለ በመሆኑ ውሃ ይፈልጋል፤ ሮዝ የሆነው ግን ተቀላቅሎ የሚሸጥ ስለሆነ ውሃ አይጨመርበትም። ይህን ልዩነት ባለማወቅ ሮዙን እንደገና በውሃ የሚያቀጥኑ አሉ።

የመዳብ ራዲያተር ላለው አሮጌ መኪና የሚገዛው ኩላንት መዳብንና የእርሳስ ብየዳን እንደሚጠብቅ በጣሳው ላይ በግልጽ የተጻፈበት ቢሆን ይመረጣል። ረጅም ዕድሜ ያለው ኩላንት ሁልጊዜ ለአሮጌ መኪና የተሻለ ነው ማለት አይቻልም፤ ትንሽ ትንሽ የሚያፈስና በየሳምንቱ የሚሞላ ራዲያተር የአምስት ዓመቱን ኩላንት ቀስ በቀስ ወደ ተራ ውሃ ይለውጠዋል። ለእንዲህ ዓይነቱ ተሽከርካሪ ፍሳሹን ማስጠገን ይቀድማል፤ እስከዚያው ግን በየሁለት ዓመቱ የሚቀየረው ዋጋው መካከለኛ የሆነ ኩላንት ይበቃዋል።

የሚቀላቀለው ውሃ

በአገራችን ሁኔታ ከኩላንቱ ምርጫ እኩል የሚመዝነው የውሃው ምርጫ ነው። የድሬዳዋና የአካባቢው የጉድጓድ ውሃ ኖራ የበዛበት ነው፤ ማሰሮና ጀበና ውስጥ የሚጋገረው ነጭ ቅርፊት በራዲያተር ውስጥም ይጋገራል። በስምጥ ሸለቆ በብዙ ቦታ የሚገኘው ውሃ ደግሞ ማዕድን የበዛበት ነው። ፎስፌት ያለበት የጃፓን ኩላንት በእንዲህ ያለ ውሃ ሲቀላቀል ዝቃጩ ይብሳል። በመሆኑም የተጣራ (ዲስትልድ) ውሃ መጠቀም ተገቢ ነው። ለባትሪ የሚሸጠው የተጣራ ውሃ ያገለግላል፤ ሆኖም በተመሳሳይ ጠርሙስ የባትሪ አሲድም ስለሚሸጥ ጽሑፉን ሳያነቡ መጨመር ራዲያተሩን ያቃጥላል። የታሸገ የመጠጥ ውሃ እንደ ተጣራ ውሃ አይቆጠርም። አምቦ ውሃ ለጨጓራ ሊስማማ ይችላል፤ ለሞተር ግን ከውሃዎች ሁሉ የከፋው ነው። የተጣራ ውሃ በማይገኝበት ቦታ፣ ጣሪያው ከታጠበ በኋላ በንጹሕ ዕቃ የተጠራቀመ የዝናብ ውሃ ከጉድጓድ ውሃ ይሻላል።

በመንገድ ላይ ችግር ሲደርስ የተገኘው ንጹሕ ውሃ ሁሉ ሊጨመር ይችላል፤ ሞተር ከሚነድ ማንኛውም ውሃ ይሻላል። ነገር ግን ከጉዞ መልስ መስመሩ ታጥቦ በትክክለኛው ድብልቅ መሞላት አለበት።

የድብልቁ መጠን ከመቶ ከ40 እስከ 50 ኩላንት ቢሆን በቂ ነው። ከዚህ በላይ ማብዛት ጥቅም የለውም፤ ግላይኮል ሙቀት የመሸከም ችሎታው ከውሃ ያነሰ በመሆኑ፣ በአፋር ቆላ ኩላንቱን ሳይቀላቅል የሞላ አሽከርካሪ ሞተሩን የባሰ ያግለዋል።

ኩላንት ሲቀየር

ትኩስ ራዲያተር ፈጽሞ አይከፈትም። ሞተሩ ከቀዘቀዘ በኋላ ከራዲያተሩ ሥር ያለው ብቻ ሳይሆን በሞተሩ አካል ላይ ያለው ማፍሰሻም መከፈት አለበት፤ አለዚያ ከአሮጌው ፈሳሽ ብዙው እዚያው ይቀራል። የሙቀት ማሞቂያው (ሂተር) መቆጣጠሪያ እስከ መጨረሻው ተከፍቶ፣ የሚወጣው ውሃ ጠርቶ እስኪታይ ድረስ ደጋግሞ ማጠብ ያስፈልጋል።

በጋራዦች ዘንድ ቴርሞስታቱን አውጥቶ መጣል የተለመደ መድኃኒት ሆኗል። በብዙ የቶዮታ ሞተሮች ይህ ተቃራኒ ውጤት ያመጣል። ቴርሞስታቱ ወደ ራዲያተሩ የሚወስደውን መንገድ ሲከፍት፣ ራዲያተሩን ሳይነካ የሚመለሰውን አቋራጭ መንገድ በሌላው ጫፉ ይዘጋል። ሲወጣ አቋራጩ ክፍት ይቀራል፤ ከፈሳሹም ከፊሉ ሳይቀዘቅዝ ወደ ሞተሩ ይመለሳል። ከተማ ውስጥ ደህና የመሰለው መኪና ረጅም ዳገት ላይ ጭነት ይዞ ሲወጣ የሚግለው በዚህ ምክንያት ሊሆን ይችላል። ውጤቱ የተሰነጠቀ ቴስታታ ወይም የተቃጠለ ጓርኒሲዮን ነው። ቴርሞስታት ከተበላሸ በትክክለኛው ይቀየራል እንጂ አይወጣም። የራዲያተር ቀዳዳ ለመድፈን የሚጨመሩ ዱቄቶችና የቤት ውስጥ መላዎችም ቀዳዳውን ሲደፍኑ ጤነኛዎቹን ቱቦዎች አብረው ይደፍናሉ።

ኩላንት መርዝ ነው። ጣዕሙ ጣፋጭ በመሆኑ ሕፃናትና እንስሳት ይጠጡታል፤ ጥቂት መጠን ኩላሊትን ያበላሻል፣ ይገድላልም። በለስላሳ መጠጥ ጠርሙስ ማስቀመጥ የተከለከለ ልማድ ሊሆን ይገባል።

የካምቢዮ፣ የትራንስፈርና የዲፈረንሻል ዘይት

በአራቱም ጎማ የሚነዳ ተሽከርካሪ ቢያንስ አራት የተለያዩ የዘይት ቤቶች አሉት፦ ካምቢዮ፣ ኃይልን ለፊትና ለኋላ የሚያከፋፍለው ትራንስፈር፣ የፊት ዲፈረንሻልና የኋላ ዲፈረንሻል። «የካምቢዮ ዘይት» ተብሎ በአንድ ጣሳ አራቱንም መሙላት የተለመደ ቢሆንም ሁልጊዜ ትክክል አይደለም።

በጣሳው ላይ ሁለት ነገር ይነበባል። አንደኛው ውፍረትን የሚያመለክተው የኤስኤኢ ቁጥር ነው፤ ለምሳሌ 75ደብሊው-90፣ 80ደብሊው-90 ወይም 90። ይህ ቁጥር ከሞተር ዘይት ቁጥር ጋር በአንድ ሚዛን የሚለካ አይደለም፤ 90 የተባለው የማርሽ ዘይት ውፍረቱ 40 ወይም 50 ከተባለ የሞተር ዘይት ጋር ይቀራረባል። ካምቢዮ ሲጮኽ 140 የተባለውን መጨመር ድምፁን ለጥቂት ጊዜ ይሸፍናል፤ በደጋ ጠዋት ግን ማርሹ አልገባ ይላል፣ ዘይቱም ወደ ጠባብ ቦታዎች በወቅቱ አይደርስም።

ሁለተኛውና ብዙ ጊዜ የሚዘለለው የኤፒአይ ደረጃ ነው፤ ጂኤል 4 ወይም ጂኤል 5። ልዩነቱ በዘይቱ ውስጥ ያለው ከባድ ጫናን የሚቋቋም የሰልፈርና የፎስፈረስ ቅመም መጠን ሲሆን፣ በጂኤል 5 ውስጥ በእጥፍ ገደማ ይበዛል። ዲፈረንሻል ውስጥ ያሉት ሃይፖይድ የተባሉ ጥርሶች እርስ በርስ እየተንሸራተቱ ስለሚሠሩ ጂኤል 5 የግድ ያስፈልጋቸዋል፤ ጂኤል 4 ከተሞላባቸው ጥርሶቹ ይላጣሉ። ካምቢዮ ውስጥ በአንጻሩ ማርሽ ሲቀየር ፍጥነትን የሚያቻችሉ የነሐስ ቀለበቶች አሉ። እነዚህ ቀለበቶች ሥራቸውን የሚሠሩት በመያዝ፣ በሰበቃ ነው። ጂኤል 5 በጣም የሚያንሸራትት ሲሆን ማርሹ እየፈጨ ይገባል፤ ቅመሙም በሙቀት ጊዜ ነሐሱን ሊበላ ይችላል።

ይሁን እንጂ ይህን ጠቅላላ ሕግ አድርጎ መውሰድ አይገባም። ለምሳሌ እ.ኤ.አ. በ1990 ሥራ የጀመረውን ባለስድስት ሲሊንደር 1ኤችዜድ የናፍጣ ሞተር ለያዙት የላንድክሩዘር 70 ሞዴሎች፣ አምራቹ ለማኑዋል ካምቢዮውና ለትራንስፈሩ 75ደብሊው-90 ጂኤል 4 ወይም ጂኤል 5፣ ለዲፈረንሻሉ ደግሞ ጂኤል 5 ብቻ ይፈቅዳል። በዚህ ረገድ የሚመከረው፣ ካምቢዮው ማርሽ ለመቀበል የሚያንገራግር ከሆነ ከሁለቱ ጂኤል 4ን መምረጥ ነው። ሁለት ዓይነት ጣሳ መያዝ ለስምሪት ክፍል ድካም ቢመስልም፣ ካምቢዮ ከማውረድ ጋር ሲነጻጸር ቀላል ነው።

የላንድሮቨር ታሪክ ደግሞ ሌላ ነው። ኤልቲ 77 የተባለው ካምቢዮ በወፍራም የማርሽ ዘይት ፈንታ ለአውቶማቲክ የሚሠራውን ቀጭን ቀይ ዘይት ይወስዳል፤ ከርሱ ጋር ተያይዞ የተገጠመው ኤልቲ 230 ትራንስፈር ግን 90 የማርሽ ዘይት ይፈልጋል። ከርሱ በፊት የነበሩት ሲሪስ ሞዴሎች በካምቢዮአቸውም 90 ነበር የሚጠቀሙት። በአሮጌው ላንድሮቨር የሠለጠነ መካኒክ አዲሱ ካምቢዮ ውስጥ 90 ቢሞላ የሚያስወቅሰው አይመስልም፤ ውጤቱ ግን በጠዋት ሁለተኛ ማርሽ የማይቀበል፣ ውስጡም በቂ ዘይት የማያገኝ ካምቢዮ ነው።

በቆዩ ላንድክሩዘሮች ላይ በካምቢዮውና በትራንስፈሩ መካከል ያለው የዘይት ማገጃ ሲያረጅ ዘይቱ ከአንዱ ወደ ሌላው ይሸጋገራል። በምርመራ ጊዜ አንደኛው ቤት ሞልቶ ሲፈስ ሌላው ጎድሎ ከተገኘ ምልክቱ ይህ ነው። ማገጃው እስኪቀየር ድረስ በሁለቱም ቤቶች አንድ ዓይነት ዘይት መጠቀም፣ መጠኑንም በየአገልግሎቱ መመርመር ይገባል። ውጭ ምንም ፍሳሽ ስለማይታይ ብዙ ካምቢዮ በዚህ መንገድ ደርቆ ተቃጥሏል።

አውቶማቲክ ካምቢዮ ላላቸው፣ መመሪያው ዴክስሮን 2 ወይም 3 የሚል ከሆነ ለአዳዲስ ቶዮታዎች የሚሸጠው ደብሊውኤስ የተባለው ዘይት ምትክ አይሆንም። የኋላ ዲፈረንሻሉ መንሸራተትን የሚገድብ ዓይነት ከሆነም ለርሱ የተዘጋጀ ልዩ ጂኤል 5 ያስፈልጋል።

ዘይት ሲቀየርና ወንዝ ከተሻገሩ በኋላ

ዘይት ከማፍሰስ በፊት የመሙያው ቡሎን መከፈቱ መረጋገጥ አለበት። ማፍሰሻውን ቀድሞ ከፍቶ፣ መሙያው በዝገት ተይዞ አልከፈት ሲል ዘይት አልባ መኪና ይዞ መቅረት በመስክ ላይ የሚያጋጥም ነገር ነው። መኪናው በደልዳላ ቦታ ቆሞ፣ ዘይቱ ሞቅ ሲል ይፈስሳል፤ አዲሱም የመሙያው ቀዳዳ ታችኛው ጠርዝ ላይ እስኪደርስ ይሞላል።

የወጣው ዘይት ብዙ ይናገራል። በቡሎኑ ማግኔት ላይ የተጠራቀመ ጥቁር ግራጫ ቅባት የመሰለ ብናኝ የተለመደ ነው። ወርቃማ ብልጭታ የነሐሱ ቀለበቶች እያለቁ መሆኑን፣ በጣት የሚያዝ የብረት ስባሪ ደግሞ ጥርስ ወይም ኩሽኔታ መሰበሩን ያመለክታል። ወተት የተቀላቀለበት ቡና የመሰለ ዘይት ውሃ ገብቶበታል። በክረምት ወንዝ ሲሻገር የጋለው ዲፈረንሻል በድንገት ስለሚቀዘቅዝ በውስጡ ያለው አየር ይኮማተርና በመተንፈሻው ወይም በላላ ማገጃ በኩል ውሃ ይስባል። ስለዚህ ከእንዲህ ዓይነት ጉዞ በኋላ የአራቱም ቤቶች ዘይት ሊታይ፣ የነጣውም በኪሎ ሜትር ሳይጠበቅ ሊቀየር ይገባል። መተንፈሻውን በቀጭን የጎማ ቱቦ ወደ ሞተር ክፍሉ ከፍታ ማውጣት በአነስተኛ ወጪ ችግሩን ያቃልላል።

በግዢ ጊዜ የጣሳው ማሸጊያ አለመነካቱን፣ የምርት መለያ ቁጥሩ ያልተፋቀ መሆኑን ማየትና ደረሰኝ መቀበል ያስፈልጋል። ባዶውን ጣሳ ከመጣል በፊት መብሳት፣ ሌላ ሰው ያገለገለ ዘይት ሞልቶበት እንዳይሸጠው ይከለክላል። በየቀኑ የተጨመረው ፈሳሽ ስም፣ ደረጃና መጠን ከኪሎ ሜትሩ ጋር በተሽከርካሪው መዝገብ ይጻፍ፤ በኩላንት ማጠራቀሚያው ክዳን አጠገብም የኩላንቱ ዓይነት የተጻፈበት ወረቀት ይለጠፍ። መንገድ ላይ የሚጨምረው ሰው ብዙውን ጊዜ ሌላ ሹፌር ነው።

የወጣው ኩላንትና ዘይት በዲች፣ በወንዝ ወይም በጋራዥ ግቢ መሬት ላይ አይደፋም፤ በአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 መሠረትም አካባቢን መበከል ያስጠይቃል። ሁለቱ ሳይደባለቁ በየራሳቸው ክዳን ባለው ዕቃ ተጠራቅመው ያገለገለ ዘይት ለሚሰበስቡ ፈቃድ ላላቸው ድርጅቶች ይሰጣሉ። ኩላንት የተቀላቀለበትን ዘይት መልሶ ለመጠቀም ስለሚያስቸግር ተቀባይ አያገኝም።